ለጣና ጀልባ የጭስ ክርን ሲያልቅ፦ ጠርጎ መመለስ፣ ኦሪጅናሉን ማስመጣት ወይስ እዚሁ ማስበየድ?

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ከጀልባዋ ኋላ የሚወጣው ጭስ ጠቆረ። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የጣና ነፋስ ፊት ለፊት ስለገጠመን ሸራውን አውርደን በሞተር እየሄድን ነበር። ነዳጅ ስጨምር ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትፈጥንም። አብሮኝ የነበረው መካኒክ ናፍጣውን ወቀሰ፤ እኔ ኢንጄክተሩን ጠረጠርኩ። በማግስቱ የጭስ ማውጫውን ክርን ፈትተን ስናይ ሁለታችንም ዝም አልን። 40 ሚሊሜትር ስፋት የነበረው ቀዳዳ በደረቀ ጥላሸት ተሞልቶ አውራ ጣቴን የሚያሳልፈው እየተጋፋ ነበር። ቀዳዳ ከ40 ወደ 20 ሚሊሜትር ሲጠብብ የሚቀረው መተላለፊያ ግማሽ ይመስላል፤ በወለል ስፋት ሲሰላ ግን ሩብ ብቻ ነው።

እንደ ክርን ስለታጠፈች ክርን የምላት ይህች ዕቃ ጀልባ ውስጥ በተገጠመ ሞተር ላይ የምትገኝ ናት። መኪና ላይ ማርሚታው እስከ ጫፍ ብረት ነው፤ ሙቀቱን መንገድ ላይ ያራግፋል። በጀልባ ግን ጭሱ በጠባብ ክፍል፣ በእንጨትና በጎማ መካከል ማለፍ አለበት። ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት ደግሞ ጭሱ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ሞተሩን ያቀዘቀዘው የሐይቅ ውሃ በመጨረሻ ክርኗ ውስጥ ገብቶ ከጭሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በጎማ ቱቦ ነው። እሳት፣ ውሃ፣ ጥላሸትና ከናፍጣው ሰልፈር የሚፈጠረው አሲድ በአንድ ስንዝር ብረት ውስጥ ይገናኛሉ። ይህች ዕቃ ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ቀድማ ብታልቅ አይፈረድባትም።

ስለ ክርን የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የጨው ባሕር ምክር ነው። እዚያ የሚያሳስበው የትኛው ብረት ጨው ይችላል የሚለው ነው፤ ሰዉም ውድ የሆነውን ብረት ይመርጣል፣ ልክም ነው። ጣና ግን ጣፋጭ ውሃ ነው። የእኛ ችግር ከሌላ ወገን ይመጣል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ) የሌለው፣ በባሕር ዳርቻ አየር ልክ የተስተካከለ የናፍጣ ሞተር እዚህ ሲመጣ ነዳጁ እንደ ወትሮው ይገባለታል፣ የሚያቃጥልበት አየር ግን ያጥረዋል። ትርፉ ጥላሸት ይሆናል። በዚህ ላይ የሸራ ጀልባ ሞተር ኑሮው ክፉ ነው፦ ከወደቡ ለመውጣት ሩብ ሰዓት፣ ለመግባት ሩብ ሰዓት፣ እሱም አብዛኛው በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት። በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ እርጥቡ ጥላሸትም ክርኗ ውስጥ እንደ ገንፎ ይረጋል።

ስለዚህ እዚህ ክርን ከመዛጓ በፊት ትታፈናለች። እኔም አማራጮቹን ሳወዳድር መጀመሪያ የምጠይቀው የብረቱን ዓይነት አይደለም። ባሕር ዳር ላይ፣ በእጃችን ባለው መሣሪያ፣ በየዓመቱ ተፈትታ ልትጠረግ ትችላለች ወይ? ከዚህ በታች ያለው ፍርድ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ወደብ ለሚቆም ጀልባ አይሠራም።

ጥፋቱ የክርኗ መሆኑን ማረጋገጥ

ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ከክርን መታፈን ይመጣል፤ ከቆሸሸ የአየር ፊልትሮም፣ ሣር ከተጠመጠመበት ማዞሪያ ክንፍም ይመጣል። ነጭ እንፋሎትና የሙቀት መጨመር ደግሞ ብዙ ጊዜ የውሃ እጥረት ነው። በእኛ ሐይቅ የውሃ እጥረት ሲባል መጀመሪያ መታየት ያለበት የውሃ መሳቢያው ወንፊት ነው፤ የእምቦጭ ሥር ሲገባበት እንደ ጭድ ይደፍነዋል። በክረምት ግልገል አባይና ሌሎቹ ገባሮች ጭቃ ይዘው ሲወርዱ ደግሞ ደቃቁ አፈር የፓምፑን የጎማ መዘውር ይበላዋል። በነገራችን ላይ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ገና የሚታገሥ ሞተር እዚህ ቀድሞ እንፋሎት ያወጣል።

ርካሹ መለኪያ ባልዲ ነው። ሞተሩ በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ሲሠራ ከኋላ የሚወጣው ውሃ ባለ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ጤነኛ በሆነበት ቀን መዝግባችሁ ያዙ። በኋላ ጊዜው ከረዘመ የውሃው መንገድ ጠብቧል። ውሃው እንደ ድሮው እየወጣ ጭሱ ብቻ ከጠቆረ፣ የአየር ፊልትሮውም ንጹሕ ከሆነ፣ ክርኗን ፍቱ።

ጠርጎ መመለስ

ብዙ ሰው ይህን እንደ ድሃ መፍትሔ ያየዋል። እኔ ግን የፋብሪካዋ የጊዛ ክርን፣ ማለትም በቅርጽ የፈሰሰው ወፍራም ብረት፣ ግድግዳዋ ጤነኛ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም። ወጪው የአንድ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመጋጠሚያው መሐል የሚገባ ማኅተም፣ እና የግማሽ ቀን ድካም ነው።

ደረቁን ጥላሸት በካቻቢቴና በሽቦ መፋቅ ይቻላል፤ ከታጠፈው ክፍል ግን አይደርሱም። የሚሠራው የከሰል እሳት ነው። ክርኗን ከጎማውና ከማያያዣዎቹ አላቅቃችሁ በደንብ በተቀጣጠለ ከሰል ውስጥ ቅበሯት፤ ጥላሸቱ ራሱ ተቃጥሎ ወደ አመድነት ይለወጣል። ከዚያ እዚያው አመድ ውስጥ እስክትቀዘቅዝ መተው ነው። ቶሎ ለመጨረስ ብሎ ውሃ ያፈሰሰባት ሰው ስንጥቅ ታቅፎ ይመለሳል፤ ጊዛ ድንገተኛ ቅዝቃዜ አይወድም። የባትሪ አሲድ የሚያፈሱባትም አሉ። አሲዱ በደረቅ ጥላሸት ላይ እምብዛም ኃይል የለውም፤ ብረቱን ግን ይበላል፣ የሰውን ዓይንና ሳንባም እንዲሁ።

ከተጠረገች በኋላ የሚመጣው ፈተና ዕጣዋን ይወስናል። የውሃውን መግቢያ ከፍ አድርጋችሁ፣ መውጫዋን ደፍናችሁ የውሃ ክፍሏን ሙሉና አሳድሯት። ጠዋት በጭሱ ቀዳዳ በኩል እርጥበት ከታየ የውስጡ ግድግዳ ተበስቷልና ብየዳም ሆነ ሙጫ አትሞክሩ። በዚያ ቀዳዳ የሚንጠባጠበው ውሃ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ተመልሶ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ውጫዊውን ግድግዳም በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ ስሙት፤ ጤነኛው ይደውላል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይደፈናል።

ኦሪጅናሉን ማስመጣት

ክርኗ ከተበሳች መግዛት ግድ ነው። ኦሪጅናሉ የሚመሰገነው ስለማያሳስብ ነው፦ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ፣ የውሃው መግቢያ አንግል ፋብሪካው ያሰበው ነው፣ ጭሱን አያፍንም። ለያንማር፣ ለቮልቮ ፔንታና ለፐርኪንስ የሚሆኑ ክርኖች በውጭ አገር እንደ ልብ ይገኛሉ። እኛ ጋ ግን ወጪው የዕቃው ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና ከሁሉም በላይ መጠበቁ አለ። ያቺ ጀልባ እንግዳ ወደ ገዳማቱ የምታመላልስ ከሆነች ጥምቀት ሰሞን ቆማ መክረሟ ከክርኗ ዋጋ ይበልጣል።

ለማዘዝ የሞተሩ ሞዴል ስም ብቻ አይበቃም። ያው ሞዴል በተለያየ ጊዜ የተለያየ ክርን ተገጥሞለት ሊሆን ይችላል። የሞተሩን ተከታታይ ቁጥር፣ የቡሎኖቹን የመሐል ለመሐል ርቀት፣ የጎማ ቱቦውን የውስጥ ስፋትና ክርኗ የምትወርድበትን አንግል የሚያሳይ ፎቶ ላኩ። ጓርኒሲዮኑን ሁለት እዘዙ። አንዱ ለዛሬ ነው፤ ሌላው ለሚቀጥለው ዓመት ጠረጋ።

ከኦሪጅናሉ ጎን ለጎን በሌሎች አምራቾች ከማይዝግ ብረት የሚሠሩ ቅጂዎች ይሸጣሉ። በጨው ባሕር ላይ ለእነሱ የሚከፈለው ገንዘብ ምክንያት አለው። ለጣና ግን ዋናው ጥቅማቸው ይቀንሳል፤ ጥላሸት በማይዝግ ብረት ላይም ይጋገራል። ከገዛችሁ 316 ኤል የተባለውን ምረጡ፤ 304 ከሚባለው ይልቅ ዝገትን ይችላል፣ ኤል የምትለዋ ፊደልም ካርቦኑ አነስተኛ መሆኑንና ብየዳው አካባቢ በቀላሉ እንደማይበላ ትናገራለች። ማግኔት ይዞ ገበያ መሄድ ሁለቱን አይለይም። ሁለቱንም አይስብም ማለት ይቻላል።

እዚሁ ማስበየድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኞቻችን የምንጨርሰው እዚህ ነውና፣ እኔም ዋጋ የከፈልኩበት ነው።

ባሕር ዳር ጥሩ በያጆችና ጥሩ ቶርኖ ቤቶች አሏት። የትራክተር አካል፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የጀልባ መሪ ይሠራሉ። ክርንም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ክርንን እንደ ውሃ ቧንቧ መታጠፊያ ስለሚያዩዋት ውሃው የት ነጥብ ላይ መግባት እንዳለበት የሚነግራቸው ባለቤቱ መሆን አለበት። እኔ አልነገርኩም ነበር። አሮጌዋን ሰጥቼ «እንደዚህች ሥራልኝ» ብዬ ሄድኩ። ያማረች ክርን ተሠራች፣ ብየዳዋ እንደ ጥልፍ። የውሃው መግቢያ ግን ለመበየድ እንዲመች ተብሎ ሁለት ጣት ያህል ወደ ሞተሩ ወገን ተጠግቷል፣ ከታጠፈው ጫፍ ወዲህ። ሦስት ቀን ሠራች። በአራተኛው ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ጠቅ ብሎ ቀረ፤ ሞተሩ አልዞር አለ። ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በተከፈተው ቫልቭ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል፣ ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ደጋግሜ ሳልሞክር ኢንጄክተሮቹን ማውጣቴ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ ከመጣመም አዳነው። ሞተሩን በእጅ እያዞርን ውሃውን አስተፋነው፤ ዘይቱን ከነፊልትሮው ሦስት ጊዜ ለወጥነው፣ ወተት የመሰለው ቀለም እስኪጠፋ።

ስለዚህ ለበያጁ የሚሰጠው ትእዛዝ ይህ ነው። ቱቦው ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይወርዳል። ውሃው የሚገባው በሚወርደው እግር ላይ ነው፣ ከከፍተኛው ጫፍ አልፎ፣ አፉም ወደ ታች ወደ ጭሱ መሄጃ ተዳፍቶ። ወደ ላይ የሚወጣው እግር ውሃ የማያገኘው ስለሆነ ሙቀት በሚከላከል የፋይበር ግላስ ጥቅልል ይሸፈናል፤ አለበለዚያ ክርኗ ያላቃጠለችው ክንድ አይተርፍም። ከፍተኛው ጫፍ ከሐይቁ ውሃ መስመር በላይ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይሁን። የውሃው መግቢያ ከውሃው መስመር ብዙም ከፍ የማይል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ15 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሐይቁ ራሱን በራሱ ስቦ እንዳይገባ በውሃው ቱቦ ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ያስፈልጋል።

ብረቱስ? ሦስት ዓይነት ቱቦ ይቀርብላችኋል፤ ሦስተኛውን እንቢ በሉ። ጥቁሩ ወፍራም የብረት ቱቦ፣ ግድግዳው ከ3 ሚሊሜትር ያላነሰ፣ በማንኛውም ሠፈር ይበየዳል፣ ሙቀት ይችላል። ይዝጋል፣ ግን በጣፋጭ ውሃ ቀስ ብሎ ነው፣ ሲያልቅም ሌላ ማሠራት ቀላል ነው። የማይዝገው ብረት ዕድሜው ይረዝማል፤ ነገር ግን ሲሞቅ ከተራው ብረት ከአንድ ሦስተኛ በላይ አብልጦ ስለሚሰፋና የሞተሩ ንዝረትም ስለሚያደክመው በብየዳው ጠርዝ ላይ መሰንጠቅ ይወዳል። ለእሱ የሚሆን የብየዳ ሽቦና በአርጎን የሚበይድ ሰው ካላገኛችሁ በጥቁሩ ቱቦ ተስማሙ። ሦስተኛው ጋልቫናይዝድ የሆነው የውሃ ቧንቧ ነው። ዚንኩ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ጭሳችን ደግሞ እዚያ ይደርሳል፤ ሲበየድም የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ማታ በብርድ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት ጠጡበት ይባላል። ወተት ጥሩ ነገር ነው፤ ከሳንባ ዚንክ ግን አያወጣም።

እዚህ ማስበየድ ያለው ትልቁ ጥቅም ግን ዋጋው አይመስለኝም። ክርኗን እንደ ፍላጎታችሁ ማስከፈት ትችላላችሁ። እኔ በሁለተኛዋ ክርን መታጠፊያ ላይ በቡሎን የሚዘጋ መስኮት አስደረግሁ። አሁን ለመጥረግ ክርኗን ከሞተሩ አልፈታም፤ መስኮቱን ከፍቼ በረጅም ሽቦ እጠርጋለሁ። የትኛውም ፋብሪካ ይህን አልሠራልኝም።

ነሐስና ደረቅ ጭስ

ነሐስ ለጨው ውሃ የታወቀ ብረት ነው፣ የናፍጣ ጭስ ሰልፈር ግን መዳብ ያለበትን ሁሉ ያጠቃል። በጣና ላይ ለነሐስ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም።

ክርኗን ጨርሶ አስወግዶ ጭሱን በደረቅ የብረት ቱቦ ወደ ላይ የማውጣት ሐሳብ ግን ቸል የሚባል አይደለም። ጭቃና እምቦጭ በበዛበት ውሃ ላይ የሚሠሩ የሥራ ጀልባዎች ሞተራቸውን ከጀልባዋ ሆድ ሥር በሚያልፍ ዝግ ቱቦ ያቀዘቅዛሉ፤ የሐይቅ ውሃ ሞተር ውስጥ አይገባም፣ ተመልሶ ሲሊንደር የሚሞላ ውሃም የለም። ለብረት ጀልባ፣ በተለይ ጭነት ለምታመላልስ፣ ይህን እመርጥ ነበር። የሸራ ጀልባ ላይ ግን የጋለው ቱቦ ከሸራውና ከገመዱ አጠገብ ይቆማል። የፖሊስተር ሸራ በ255 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ነፋስ ያዞረው ሸራ አንድ ጊዜ ቢነካው ይበቃል። ጩኸቱንም አስቡት። ለገዳም ጸጥታ ብሎ በሸራ የመጣ ሰው ይህን አይፈልግም።

እኔ ብሆን

የጊዛ ክርኗ ካልተበሳች ጠርጌ እመልሳታለሁ፣ ያለ ክርክር። ከተበሳችና ከውጭ የሚመጣ ሰው በቅርቡ ካለኝ ኦሪጅናሉን አስመጣለሁ፤ የማይዝገውን ቅጂ የማስበው ዋጋው ከኦሪጅናሉ ካልበለጠ ብቻ ነው። ጀልባዋ የእንጀራ ጀልባ ከሆነችና ሳምንት መቆም ካልቻለች በጥቁር ቱቦ፣ ከነመስኮቱ፣ አስበይዳለሁ፤ በያጁ አጠገብም ቆሜ የውሃውን መግቢያ በጠመኔ ምልክት አደርግለታለሁ። ኦሪጅናሏ ስትመጣ የተበየደችው መጠባበቂያ ትሆናለች።

የትኛውንም ብትመርጡ አፈታቱና አገጣጠሙ ያው ነው። ቡሎኖቹን ከአንድ ቀን በፊት ዝገት በሚያላላ ዘይት አርሷቸው፤ አልላላ ካሉ አሙቋቸው፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እያዞራችሁ አላምዷቸው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የተሰበረ ቡሎን ቀሪ ጫፍ ካለው ዳዶ ከላዩ አስበይዱበት፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ያላላዋል። የገጹን አሮጌ ጓርኒሲዮን ፍቃችሁ አዲስ አድርጉ፤ የአሮጌውን ማኅተም በሙጫ ማባበል የትም አያደርስም። ከጎማው ቱቦ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ይሁን። የመኪና ራዲያተር ጎማ በውስጡ የሽቦ ጥንካሬ ስለሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክርኗ ከባድ ከሆነች በጓርኒሲዮኑ ላይ ብቻ እንዳትንጠለጠል ከሞተሩ ጋር የሚያያዝ ድጋፍ አድርጉላት።

ሞተሩ እንቢ ብሎ ብዙ ጊዜ ሞተሪኖ መምታት ካስፈለገ የሐይቁን ውሃ መግቢያ ቫልቭ ዝጉ። ሞተሩ ሳይነሣ የሚያወጣው ጭስ የለም፣ ፓምፑ ግን ውሃ መግፋቱን አያቆምም፤ ውሃው ማርሚታውን ሞልቶ ወደ ክርኗ፣ ከክርኗም ወደ ቫልቩ ይመለሳል። ሲነሣ ወዲያው ክፈቱት። እኔ ቁልፉ ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ፤ መርሳት የኔ ነው።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ ጓርኒሲዮኑ ስለሚረግጥ። በመጋጠሚያው ዙሪያ የጥላሸት መስመር ከታየ ጭስ እያመለጠ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ያ መስመር እስኪጠፋ ድረስ ማንም ከታች እንዳይተኛ፣ ደቅ ደሴት አድረን ስንመለስ እንኳ ቢሆን።